ቀኑ ሳያልፍ ያለፈበት ምግብ

ጅቡቲ የምትበላውን ከሞላ ጎደል በሙሉ ከውጭ ታስገባለች። ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል በመርከብ፣ በባቡርና በጭነት መኪና የሚገባ ነው። በጅቡቲ ከተማ፣ በባልባላ ሰፈርም ሆነ በመሀል ከተማ፣ አንድ ሱቅ ቢገቡ የፈረንሳይ ብስኩት፣ የኤምሬትስ ዘይት፣ የቱርክ ማካሮኒ፣ የሕንድ ሩዝና ከኢትዮጵያ የመጣ ዕቃ ጎን ለጎን ተደርድረው ያገኛሉ። አብዛኞቹ ላይ ቀን ታትሟል። አንዱ ቀን የሚናገረው ግን ሌላው ከሚናገረው ይለያል። ገዢው ደግሞ ሁሉንም በአንድ ዓይን ያነባቸዋል፤ አልፏል ወይስ አላለፈም?

ይህ ግማሽ ጥያቄ ነው። ቀኑ በአንድ ቀን ስላለፈ ጥሩ ሩዝ ወደ ቆሻሻ የሚጥል ሰው አለ። ቀኑ ገና ስድስት ወር ይቀረዋል ብሎ ሽታው የተለወጠ የዱቄት ወተት ለልጁ የሚበጠብጥም አለ። ሁለቱም ቀኑን የማያውቀውን ነገር እየጠየቁት ነው። በማሸጊያው ጀርባ በደቃቅ ፊደል «ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ያስቀምጡ» የሚል መስመር አለ። ቀኑ የሚጸናው ያ መስመር ከተከበረ ብቻ ነው። ያለ ማቀዝቀዣ መሣሪያ በጅቡቲ ከተማ ይህ መስመር በሐምሌ ቀርቶ በጥርም አይከበርም። ስለዚህ በዚህች ከተማ ምግቡ የቆየበት ሙቀት ከታተመው ቀን የበለጠ ይናገራል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ግን ቀኖቹን እንለያቸው። በፈረንሳይ ሕግ፣ ስለዚህም ከፈረንሳይ በሚመጡ ዕቃዎች ላይ፣ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ አለ። አንደኛው «እስከዚህ ቀን ድረስ ይጠቀሙ» ይላል፤ «ዴኤልሴ» ይሉታል። በጥሬ ሥጋ፣ በትኩስ ዓሣና ቶሎ በሚበላሹ የወተት ውጤቶች ላይ የሚታተም ሲሆን የጤና ጉዳይ ነው። ካለፈ በኋላ መሸጥ ክልክል ነው፣ መብላትም አይገባም። ሁለተኛው «ከዚህ ቀን በፊት ቢጠቀሙት ይመረጣል» ይላል፤ «ዴዴኤም» ይባላል። ሩዝ፣ ፓስታ፣ ብስኩት፣ ሳልሳ፣ ሰርዲን፣ ዘይት፣ ስኳር ያለው ማርማላታ፣ ሳይከፈት ከማቀዝቀዣ ውጭ የሚቆየው የካርቶን ወተት ሁሉም እዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። ይህኛው የጥራት ቃል ነው፤ አምራቹ «እስከዚያ ድረስ ጣዕሙም፣ ቀለሙም፣ መዓዛውም እኔ እንዳሰብኩት ይሆናል» ማለቱ ነው። ከዚያ ወዲያ ምግቡ መርዝ ይሆናል አላለም። በፈረንሳይ ቀኑ ካለፈ በኋላም መሸጥ ይፈቀዳል።

ፈረንሳዮች ራሳቸው ይህን ልዩነት ለመረዳት ተቸግረዋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የምግብ መረጃ ደንብ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል፣ ፈረንሳይ የቀድሞውን «ዴኤልዩኦ» የሚል ስም ጥላ የአሁኑን ያዘች። ያም አልበቃም። በ2022 የወጣ ድንጋጌ ከቀኑ አጠገብ «ምርቱ ከዚህ ቀን በኋላም ሊበላ ይችላል» የሚል ሐረግ መጨመርን ፈቀደ። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2018 ያወጣው ጥናት ኅብረቱ በዓመት ከሚጥለው 88 ሚሊዮን ቶን ምግብ እስከ አሥር በመቶ የሚሆነው ከቀን ጽሑፍ ጋር የተያያዘ ነው ብሎ ነበር። በገዛ ቋንቋው እያነበበ የሚሳሳተው ሕዝብ ይህን ያህል ከሆነ፣ በጅቡቲ ፈረንሳይኛውን እየገመተ ለሚገዛው አማርኛ፣ ሶማልኛ ወይም አፋርኛ ተናጋሪ መፍረድ አይገባም።

ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጣው ዕቃ ሌላ ልማድ ይዟል። እዚያ የተመረተበት ቀንና የሚያበቃበት ቀን ጎን ለጎን ይታተማሉ፣ የሚያበቃበት ቀንም እንደ ሕግ ድንበር ይታያል። የአካባቢው የደረጃዎች ድርጅት ለረጅም ዘመን የየምግቡን ዕድሜ በወራት ቆጥሮ በግዴታ ይወስን ነበር፤ በኋላ ዝርዝሩን ለሁለት ከፍሎ ቶሎ ለሚበላሹትና ለሕፃናት ምግብ ግዴታውን አጸና፣ ለብዙዎቹ ደረቅና የታሸጉ ምግቦች ግን ቀኑን ለአምራቹ ተወ። በጅቡቲ ሱቅ እነዚህ ሁለት ልማዶች በአንድ መደርደሪያ ላይ ሲገናኙ የሚያሸንፈው ጥብቁ ነው። ገዢው የፈረንሳዩን «ይመረጣል» እንደ ባሕረ ሰላጤው «አበቃ» አድርጎ ያነበዋል። «ኤክስፓየር አድርጓል» የምንለው ለሁሉም ነው፤ ለሥጋውም፣ ለስፓጌቲውም።

የኢትዮጵያ ምርት ደግሞ የራሱን እንቆቅልሽ ይዞ ይመጣል። በእኛ አቆጣጠር 2018 ተብሎ የታተመ ነገር ሌላው ዓለም በ2025 እና በ2026 መካከል ሆኖ ሲያየው ከሰባት ስምንት ዓመት በፊት የበሰበሰ ይመስለዋል። የእኛ ሰው ያውቀዋል፤ ጅቡቲያዊው ገዢ ግን ላያውቅ ይችላል። የቀንና የወሩ ቅደም ተከተልም ያምታታል። 04/09 በፈረንሳይ ዕቃ ላይ የመስከረም መጀመሪያ ነው፣ ከአሜሪካ በመጣ ጣሳ ላይ ግን ሚያዝያ ሊሆን ይችላል፤ የቻይናው ከዓመቱ ይጀምራል። ድንበር የሚሻገር ምርት ላይ የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ቀላል ነገር ነውና ለምን እንደማይደረግ አይገባኝም።

ቀኑን የሚወስነው ማን ነው? በአብዛኛው አምራቹ ራሱ ነው። ምርቱን በተወሰነ ሙቀት አስቀምጦ በየወሩ እየከፈተ ያስቀምሳል፣ ቀለሙን፣ የዘይቱን ሁኔታና የቪታሚኑን መጠን ይለካል። ለውጥ ሲታይ ከዚያ ትንሽ ወደኋላ ተመልሶ ቀኑን ያትማል። ልማዱ ራሱ ያን ያህል አሮጌ አይደለም። የእንግሊዙ ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር ቀንን በ1950ዎቹ ለዕቃ ቤቱ የውስጥ ሥራ ይጠቀምበት ነበር፤ ደንበኛው እንዲያየው ያወጣው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። የአውሮፓው ማኅበረሰብ በ1978 መጨረሻ ባወጣው መመሪያ አስገዳጅ አደረገው። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ የማሸጊያ ጽሑፍ ደረጃውን በ1985 አጽድቆ በ2018 የቀን ክፍሉን አሻሻለ። ኮዴክስ ጨርሶ ቀን የማያስፈልጋቸውንም ይዘረዝራል፤ ጨው፣ ደረቅ ስኳርና ኮምጣጤ ከነዚህ ውስጥ ናቸው።

ጨው ከተነሣ አይቀር፣ ከጅቡቲ ከተማ በስተምዕራብ፣ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኘው የአሳል ሐይቅ ጨው በአፋር ግመሎች ሸዋ ድረስ ሲሄድ ኖሯል። ያ ጨው ቀን አልነበረውም፣ አያስፈልገውምም ነበር። ዛሬ በጨው ውስጥ የሚጨመረው አዮዲን ግን እንደ ጨው አይደለም። በሙቀትና በእርጥበት ይቀንሳል፣ በተለይ ከረጢቱ ተከፍቶ ሲቀመጥ። ኢትዮጵያ በ2011 ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ አስገዳጅ አድርጋለች። ስለዚህ የማይበላሸው ጨው ውስጥ ያለው የሚያልቅ ነገር ነው፤ ጥያቄው ጨዋማነቱን የሚመለከት ከሆነ ቀኑ ትርጉም የለውም፣ የእንቅርት መከላከያነቱን የሚመለከት ከሆነ ግን ትርጉም አለው።

የጣሳ ምግብ ጉዳይ ከሁሉ ይደንቃል። ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር ምግብን በጠርሙስ አሽጎ በማፍላት የማቆያ ዘዴውን በ1810 በመጽሐፍ አወጣ፣ መንግሥቱም 12,000 ፍራንክ ሸለመው። ብዙም ሳይቆይ እንግሊዞች በጣሳ ያዙት። የዋልታ አሳሹ ፓሪ በ1824 ይዞት ከሄደው የጥጃ ሥጋ ጣሳ አንዱ በ1930ዎቹ መጨረሻ ሲከፈት ሥጋው ደህና ነበር። በርትራንድ የተባለችው የእንፋሎት መርከብ በ1865 አሜሪካ ውስጥ ሚዙሪ ወንዝ ሰጠመች፤ በ1968 ተቆፍራ ስትገኝ በውስጧ የነበሩት የታሸጉ ምግቦች በ1974 ተመረመሩ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው ባክቴሪያ አልተገኘባቸውም። ቀለማቸውና ሽታቸው ተለውጧል፣ ቫይታሚን ሲ እና ኤ ተመናምነዋል፣ ሌላው ግን እንዳለ ነበር።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አሲድ የሌለበት ጣሳ በፋብሪካ 121 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ይህ ሙቀት ከሁሉ የሚፈራውን የክሎስትሪዲየም ቦቱሊነምን ዘር ለመግደል የተሰላ ነው። ጣሳው ካልተቀደደ አዲስ ሕይወት አይገባበትም። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ጣዕሙን እንጂ ደህንነቱን አይመለከትም። እነዚህን ሁለት ታሪኮች እያነሡ «ጣሳ አይበላሽም» የሚሉ ብዙ ናቸው። የሚዘነጉት ግን የፓሪ ጣሳ የዋልታ ብርድ ያየ፣ የበርትራንድ ጣሳዎችም በወንዝ ጭቃ ሥር የተቀበሩ መሆናቸውን ነው።

ወደ ጅቡቲ እንመለስ። በሐምሌ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ሌሊቱም ከ30 ብዙም አይወርድም። ከምዕራብ የሚነፍሰው ካምሲን አሸዋና ደረቅ ሙቀት ያመጣል። በጥር እንኳን የቀንና የሌሊቱ አማካይ 25 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በዚያ ላይ ከባሕሩ የሚመጣ እርጥበት አለ። ጥላ በሌለበት የወደብ ሜዳ ላይ የቆመ የብረት ኮንቴይነር ጣሪያው ሥር ያለው አየር ከ50 ዲግሪ በላይ ሊወጣ ይችላል። የኤሌክትሪክ መቆራረጥ ሲመጣ በአየር ማቀዝቀዣ የሚተማመን መጋዘንም የውጩን አየር ይመስላል።

የምግብ ኬሚስቶች የሚጠቀሙበት አንድ ግምታዊ ስሌት አለ። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ብዙዎቹ የመበላሸት ሂደቶች እጥፍ ያህል ይፈጥናሉ። በ20 ዲግሪ 12 ወር ይቆያል የተባለ ብስኩት በ30 ዲግሪ ስድስት ወር፣ በ40 ዲግሪ ሦስት ወር ያህል ጣዕሙን ይዞ ይቆያል ማለት ነው። ስሌቱ ለሁሉም ምግብ እኩል አይሠራም፤ ለአንዳንዱ ይፈጥናል፣ ለሌላው ይዘገያል። ግን አቅጣጫውን አይስትም። የታተመው ቀን ሳይነካ የምግቡ ዕድሜ በአንድ ክረምት ሊያልቅ ይችላል።

በጣሳ ላይ ደግሞ ጥቂት ሰው የሚያውቀው ሌላ ነገር አለ። በፋብሪካው ሙቀት የማይሞቱ፣ ሰውን ግን የማያሳምሙ ሙቀት ወዳድ ባክቴሪያዎች አሉ። ዘራቸው በጣሳ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፣ ከ40 ዲግሪ በታች አይነሣም። የአውሮፓ አምራች ለአውሮፓ ገበያ ሲያሽግ በእነዚህ ብዙም አይጨነቅም፣ ሀገሩ አያስነሣቸውማ። ጣሳው በጅቡቲ ኮንቴይነር ውስጥ ሳምንታት ሲጋገር ግን ይነሣሉ፤ ጣሳው ሳያብጥ ውስጡ ይኮመጥጣል። ቀኑ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል፣ ከውጭ ምንም ምልክት የለም፣ በውስጡ ያለው አተር ግን ሆምጣጣ ነው። የፈረንሳይ የጣሳ ፋብሪካዎች መደበኛውን ምርት በ37 ዲግሪ ሲፈትኑ ወደ ሞቃት አገር የሚላከውን በ55 ዲግሪም የሚፈትኑት ለዚህ ነው።

ሳልሳ ሌላ ጠባይ አለው። ቲማቲም አሲድ ነው፤ ከጣሳው ብረት ጋር ቀስ በቀስ ይያያዛል፣ ሙቀት ሲጨምር ይፈጥናል። ከዚያ የሚወጣው ሃይድሮጅን ጣሳውን ሊያሳብጠው ይችላል። በባክቴሪያ ካበጠው ጣሳ በዓይን መለየት አይቻልም። ያበጠ ጣሳ ይጣላል፤ ቀኑ ምንም ይሁን፣ መቅመስም የለም። በመገጣጠሚያው ላይ የተጨፈለቀ ወይም ዝገቱ ዘልቆ የገባ ጣሳም እንደዚሁ። በመሀል ሆዱ ላይ ትንሽ የተጎዳ ግን ብዙ ጊዜ ችግር የለበትም።

ዘይትና ቅባት ያለበት ሁሉ በጅቡቲ ቀድሞ የሚሸነፍ ነው። ከፀሐይ ፊት ለፊት የተደረደረ ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ ያለ ዘይት ሙቀትም ብርሃንም ይመታዋል፤ የተጨመረበት ቫይታሚን ኤ ካለ ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው። ቅባቱ ያልወጣለት የዱቄት ወተት፣ ለውዝ፣ ሙሉ የስንዴ ዱቄት፣ ያልተፈተገ ሩዝ ሽታቸው ይለወጣል፣ ይመራሉ። ነጩ ሩዝ፣ ፓስታና ስኳር ግን ደረቅ ሆነው ነቀዝ ካልገባባቸው ከታተመባቸው ቀን በኋላም ብዙ ይቆያሉ። የካርቶኑ ወተት ለጥቂት ሰከንዶች 135 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሞቆ የታሸገ ነው፤ ሲሞቅ የቆየው ይጠቁራል፣ ቅባቱ ይለያል፣ አንዳንዴም ይረጋል። አስቀያሚ ነው እንጂ ካርቶኑ ካላበጠ አደገኛ ነው ማለት አይደለም። ማር ስኳሩ ሲረጋ ተበላሸ የሚሉ አሉ፤ አልተበላሸም።

ይህ ጉዳይ የጅቡቲ ነዋሪ ብቻ አይደለም። ከኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በዚህ ወደብ ያልፋል። በውጭ ምንዛሪ፣ በሰነድ ወይም በትራንስፖርት ምክንያት ኮንቴይነሩ በክረምቱ ወራት በጅቡቲው የዶራሌ ወደብ ቢዘገይ ምግቡ ዕድሜውን እዚያ ይጨርሳል። ከዚያ ባሕር ወለልን 2,400 ሜትር ገደማ በምትበልጠው አዲስ አበባ በነፋሻ ሱቅ ውስጥ ይደረደራል። የመርካቶ ገዢ ቀኑን አይቶ፣ መደርደሪያውን ነክቶ «ቀዝቃዛ ነው» ይላል። ምግቡ የት እንደሰነበተ የሚነግረው የለም። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2019 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ኃላፊነት ተሰጥቶታል፤ ቁጥጥሩ በቀን ላይ ብቻ ከቆመ ግን እንዲህ ያለውን ምግብ አይደርስበትም። በኮንቴይነር ውስጥ የሚገባ ትንሽ የሙቀት መመዝገቢያ ለክትባትና ለመድኃኒት የተለመደ ነው። ለሕፃናት ወተት የማይታሰብበት ምክንያት አይታየኝም።

ቀን በስህተት ሲነበብ ምን እንደሚያደርስ 2025 በግልጽ አሳይቷል። የአሜሪካ መንግሥት የዕርዳታ ድርጅቱን የዩኤስኤአይዲን ሥራ ሲያቋርጥ ከ60,000 ቶን በላይ የዕርዳታ ምግብ በጅቡቲ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በዱባይና በሂውስተን መጋዘኖች ተቀምጦ መቅረቱን ሮይተርስ በግንቦት ወር ዘገበ። በሐምሌ ደግሞ ዱባይ የነበረ 500 ቶን ገደማ የኃይል ሰጪ ብስኩት ቀኑ በመድረሱ እንዲቃጠል ተወሰነ፤ ለ1.5 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ለሳምንት የሚበቃ ነበር ተባለ። ብስኩቱ በስንዴ ዱቄት፣ በስኳር፣ በዘይትና በቪታሚን የተሠራ ነው። በነጋታው መርዝ አይሆንም። ናሙና ወስዶ ዘይቱንና ቪታሚኑን መመርመር፣ ደህና ከሆነም ቀኑን ማራዘም የሚቻል ነገር ነው። ግን እውነተኛው ጥፋት ቀኑ ላይ አልነበረም። ምግቡ መውጣት በሚገባው ወራት ውስጥ አልወጣም፤ ቀኑ የመጣው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ለተራበ ሰው የተሰበሰበ ምግብ በመዘግየት አልቆ ጥፋቱ በታተመ ቁጥር ሲሳበብ ልብ ይሰብራል።

በአንጻሩ ከመነሻው ለሙቀት ታስቦ የተሠራ ምግብም አለ። ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠው ፕላምፒ ነት የለውዝ ቅቤ፣ የዱቄት ወተት፣ ስኳርና ዘይት ቅልቅል ነው፤ ውኃ የለበትም ማለት ይቻላል፣ አየር በማያስገባ ከረጢት ይታሸጋል፣ ሳይከፈት 24 ወር ይቆያል። ኢትዮጵያ ውስጥም ይመረታል። የሚያቆየው የውኃው ማነስና ማሸጊያው ነው።

«ቀኑ ያለፈበትን ለድሃ» የሚለውን ሐሳብ በተመለከተ ግን መጠንቀቅ ይገባል። ፈረንሳይ በየካቲት 2016 ባወጣችው ሕግ ከ400 ካሬ ሜትር የሚበልጡ ሱፐርማርኬቶች የሚበላ ምግብ እንዳያጠፉ፣ ለበጎ አድራጎት እንዲሰጡ አስገድዳለች። በዚያው ዓመት ኮፐንሃገን ውስጥ ቀኑ ያለፈ ምግብ በቅናሽ የሚሸጥ ሱቅ ተከፍቶ ማንም ገብቶ ይገዛ ነበር። ደህና አሠራር ይመስለኛል፤ ምግቡን የሰጠው ሰው እሱም ቢበላው የማይፈራው ከሆነ። በባልባላ ለስደተኛው የሚሰጠው ምግብ ሰጪው በቤቱ የማይነካው ከሆነ ግን ስሙ ሌላ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ቀን ስላለው ነው። በጅቡቲ የሚኖር ሀበሻ ጓዳ ውስጥ ግን ግማሹ ቀን የለውም። ሽሮው፣ በርበሬው፣ ድርቆሹ፣ በሶው፣ ቋንጣው፣ ጤፉ ከሀገር ቤት በዘመድ እጅ፣ በባቡርና በጭነት መኪና ይመጣል። ጤፍ ነቀዝን በመቋቋም የታወቀ ነው፤ ደረቅ ጎተራ ውስጥ ዓመታት ይቆያል። በርበሬና ሽሮ ግን እንደ ጤፍ አይደሉም። በርበሬው ሲደርቅ ወይም ሲከማች እርጥበት ካገኘው ሻጋታ ይይዛል፣ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባለውን የጉበት መርዝ ሊተው ይችላል። በቆሎና ለውዝም እንዲሁ። ይህ መርዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ወጥ ሲሠራም አይጠፋም። ደጋ ላይ በደንብ የደረቀ በርበሬ በጅቡቲ የባሕር እርጥበት ውስጥ በጨርቅ ከረጢት ሲሰነብት እንደገና እርጥበት ይጠጣል። ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ ማድረግ፣ ለወራት የሚበቃ ከማስመጣት በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ማስመጣት፣ ቦታ ካለ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማኖር ይሻላል። የሻገተውን ላዩን ጠርጎ መጠቀም አይረዳም።

ከሁሉ ተለይቶ ቀኑ ሊከበር የሚገባው የሕፃናት ወተት ነው። አሜሪካ በፌዴራል ሕግ ቀን እንዲታተምበት የምታስገድደው ምግብ ይህ ብቻ ነው፤ ሕፃኑ ሌላ የሚበላው ስለሌለ፣ በጣሳው ላይ የተጻፈው ቪታሚን በውስጡ መኖር አለበት። ጅቡቲ ውስጥ ደግሞ ቀኑን ማክበርም አይበቃም። ከፀሐይ ርቆ ከተቀመጠበት ሱቅ መግዛት፣ ከተቻለ ገና ብዙ ወር የሚቀረውን መምረጥ፣ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ጣሳው ላይ የተጻፈውን የሳምንት ልክ መጠበቅ ያስፈልጋል። በመጀመሪያ በታተመው ቀን ላይ ሌላ ተለጣፊ ወረቀት የተደረበበትን ማንኛውንም ጣሳ መልሶ መደርደሪያው ላይ ማስቀመጥ ነው።

የቀረው የነጋዴውና የአምራቹ ድርሻ ነው። ለሞቃት አገር የሚላክ ጣሳ በ55 ዲግሪ ሊፈተን እንደሚችል ፋብሪካዎቹ ያውቃሉ፣ ብዙዎቹም ይሠሩታል። የጅቡቲ አስመጪ በግዢ ውሉ ላይ ይህን ፈተና ያለፈ ምርት እንዲላክለት፣ ቀኑም ለ20 ዲግሪ ሳይሆን ለ35 ዲግሪ ተሰልቶ እንዲታተም መጠየቅ ይችላል። በማሸጊያው ላይ «ቀዝቃዛ ቦታ» በሚለው ፋንታ የሙቀቱ ቁጥር ራሱ ይጻፍ፤ በፈረንሳይኛም፣ በዓረብኛም፣ በሶማልኛም፣ በአፋርኛም፣ በአማርኛም።